ቀጥ ያለው ጭረት

አይናለም ወፍጮ ቤት ተራዋን ጠብቃ የማሽላ ከረጢቷን ወደ ሚዛኑ ስትጎትት ነው ከጀርባዋ የሰማችው። "የጎሚስታው የደሞዜ ልጅ ተምራ ተምራ ፋቂ ሆነች አሉ" አለች አንዷ። ሌላዋ ሳቀችና "ታዲያ ዲግሪዋን ቆዳው ላይ ይጽፉላታላ!" አለቻት። የወፍጮው ሞተር ስለሚጮህ ሁለቱም እየጮኹ ነበር የሚያወሩት፤ ፊታቸው በዱቄት ብናኝ ነጥቶ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ሦስተኛዋ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለው፣ አልሳቀችም። "እንዲህ ያለው ነገር ዝም ብሎ አይመጣም፤ ከአጥንት ነው" አለችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ መለሰች። አይናለም ዞር ብላ አላየችም። ሚዛኑ ሃያ ሁለት ኪሎ አለ፤ ባለወፍጮው አብዱልሐሊም ዋጋውን ነገራት፤ ካለፈው ወር ጨምሯል። ለወትሮው "ኧረ በአላህ፣ አብዱልሐሊም!" ብላ ትከራከረው ነበር። ዛሬ ግን ከፈለች፣ አስፈጨች፣ ዱቄቱ ሙቀቱ ሳይወጣለት ከረጢቱን ባጃጅ ላይ አስጫነች፣ ሄደች።

አይናለም ክፉ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ስልክ ሲጠራ መርዶ ይመስላታል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ጦርነቱ ተመልሶ የመጣ። ልጇ ሶስና ከወልድያ ወደ መርሳ ስትመጣ ሃያ ደቂቃ ከዘገየች፣ በእናቷ ሐሳብ ውስጥ መኪናው ተገልብጦ፣ ሬሳው ተለይቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ያበቃል። ባሏ ደሞዜ በዚህ ይስቅባታል። ከእነዚህ ሁሉ ፍርሃቶች ሥር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረችው አንድ ፍርሃት አለ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሰማችውም እሱኑ ነው። አይናለም የፋቂ ልጅ ናት። እናቷ ከሐራ ወዲያ ባለች ትንሽ መንደር፣ ከሌላው ሰው ቤት ፈንጠር ብላ፣ ቆዳ እየፋቀች ነበር የምትኖረው። መንደርተኛው አጎዛውን ከእሷ ይወስዳል፣ በእሷ ዕቃ ግን ውሃ አይጠጣም፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ካገኘቻት የልጇን ፊት ትሸፍናለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናትና ልጅ ወልድያ መጠለያ ገቡ፤ እናቷ እዚያው ሞተች። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላትን አይናለምን አንዲት መምህርት ወስዳ አሳደገቻት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልም አደረሰቻት። ማን እንደሆነች ለጠየቃት ሁሉ "የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ሁሉም አለቁ" ትል ነበር። የዚያን ዘመን የብዙ ሰው ታሪክ እንዲህ ስለነበር የመረመራት የለም። ደሞዜም ሲያገባት አልመረመራትም።

ቤታቸው ዋናው መንገድ ላይ ካለው የደሞዜ ጎሚስታ ጀርባ ነው፤ ከሱቁ ወደ ግቢው የምታስገባ ጠባብ በር አለች። የግቢው ቆርቆሮ በጦርነቱ ጊዜ በጥይት ተበሳስቶ ደሞዜ ቀዳዳዎቹን በጎማ ቁራጭ ደፍኗቸዋል፤ ግማሾቹ ወልቀው ወድቀዋል፤ የፈለገ ጎረቤት በነዚያ ቀዳዳዎች ግቢውን ሁሉ ያያል። ሶስና ግቢው መካከል ተንበርክካ ነበር። አንድ የፍየል ቆዳ ፀጉሩን ወደ መሬት አድርጋ በምስማር ወጥራዋለች፤ በቀኝ እጇ አውራ ጣት የምታህል ስለታም ጥቁር ድንጋይ፣ ባልጩት፣ ይዛ ወደ ራሷ ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከንፈሯ ይቆጥራል። መቶ በሞላ ቁጥር አንድ የበቆሎ ፍሬ ሳህን ላይ ትጥላለች። ትናንት ባልጩቱ የቆረጠውን የግራ መዳፏን በፋሻ ጠቅልላዋለች። ቆዳውን የገዛችው ከቆዳ ነጋዴው ከሙባረክ ነው፤ "እኔ በኪሎ ወደ ፋብሪካ ነው የምልከው፤ አንቺ ምን ልታደርጊው ነው?" ብሎ ሲጠይቃት "ላጠናበት ነው" ብትለው ገበያው ሁሉ ወሬውን በዚያው ቀን ሰማው።

"ደግሞ ጀመርሽ?" አለቻት አይናለም ከረጢቱን አውርዳ።

"ሺህ ስምንት መቶ ደርሻለሁ እማ። ሁለት መቶ ብቻ ነው የቀረኝ።"

"ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? አምጪው ያንን ድንጋይ።"

"እንዳትነኪው! በዱቄት እጅሽ!" ሶስና ባልጩቱን ወደ ደረቷ ሸሸገችው፣ ጓንት አድርጋለች። "አንዲት የዱቄት ቅንጣት ከገባችበት፣ አጉልተን ስናየው ማሽላ ሲፈጭበት የኖረ ነው የሚመስለው። ከዚያ እኔ ምን ብዬ ልመልስ? እናቴ ከወፍጮ መጥታ ነው ልበል?"

ሥራዋን ለእናቷ ደጋግማ አስረድታታለች፤ አይናለምም አልገባኝም ብትልም ገብቷታል። ከአንድ የዋሻ ጥግ ቁፋሮ የወጡ፣ ስንት ሺህ ዓመት የሆናቸው ትናንሽ ባልጩቶች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሉ። በዓይን ሲታዩ ተራ ድንጋይ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ስለታቸው ላይ ጭረት አለ፣ ጥቂት ቦታ ላይ የስብ ቅሪት ወይም ከፀጉርም የቀጠነ ክር ተጣብቆ ይገኛል። ያ ድንጋይ እንጨት ሲልግ ኖሮ እንደሆነ፣ ሥጋ ሲቆርጥ ወይም ሣር ሲያጭድ፣ ጭረቱ ይለያያል። ይህን ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እንደዚያው ያለ አዲስ ድንጋይ ማዘጋጀት፣ የተጠረጠረውን ሥራ በእጅ ሠርቶ ማየት፣ ከዚያ ሁለቱን ጭረት ጎን ለጎን ማስተያየት። ሶስና የጥንቶቹ ባልጩቶች ቆዳ ሲፍቁ የኖሩ ናቸው ብላ የመመረቂያ ጽሑፏን በዚያ ላይ ሠርታለች፤ በመጪው ማክሰኞ መምህራኑ ፊት ታቀርባለች። ጽሑፉ ካለፈ ለአንድ ሰው ብቻ የተከፈተችውን የረዳት መምህርነት ቦታ ታገኛለች። ካላለፈ ግን፣ እንዲህ ያለ ትምህርት ይዞ መርሳ ላይ ምን ሥራ ይገኛል? አይናለም ይህን ሌሊት ሌሊት ስትቆጥረው ልጇን ሽንኩርት ስትሸጥ ታያታለች።

"ሶስዬ!" አለች ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታቸው ማሚቴ፤ ድንጋይ ላይ ቆማ መሆን አለበት፣ አንገቷ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ ብሏል። "ለኔም አንድ አጎዛ ትሠሪልኛለሽ? ዋጋ አላጎድልብሽም!"

"ወረፋ ያዢ፣ እትዬ ማሚቴ!" አለች ሶስና እየሳቀች።

"አይ የዘንድሮ ልጅ! አይናለም፣ ዝም ብለሽ ታያታለሽ እንዴ? ነገ ሽማግሌ የሚልክ ቢመጣና በዚህ ቀዳዳ ቢያያት ምን ይላል? እኔ ስለምወዳችሁ ነው።"

አይናለም ለመሳቅ ሞከረች፤ ጉንጯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። "ትምህርቷ ነው ማሚቴ፣ ምን ታደርጊዋለሽ" አለችና ከረጢቱን እየጎተተች ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳው ውስጥ ለብቻዋ ስትሆን ዱቄቱን ወደ በርሜሉ መገልበጥ አቃታትና ከረጢቱ ላይ ተቀመጠች። ከውጭ ድንጋዩ ቆዳው ላይ ሲሄድ ይሰማል። አካሄዱ ልክ አልነበረም። ይህን ጆሮዋ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሶስና በጀመረችበት በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀው፤ እንዳላወቀች ሆና ስትሰማው ከረመች።

በአምስት ሰዓት አብረው ወደ ወልድያ ሄዱ። ሶስና ድንጋዩን ለአስተማሪዋ ማሳየት ነበረባት፤ አይናለም ደግሞ "እጅሽ ያብጣል፣ መርፌ ትወጊያለሽ" ብላ ነው የተከተለቻት፤ እውነቱ ግን ልጇን ለብቻዋ መንገድ ላይ መስደድ ስለማይሆንላት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ረዳቱ ታሪፍ ጨምሯል አለ፣ ተሳፋሪው ተንጫጫ፣ አንድ ሽማግሌ "አንተ ልጅ፣ በየኬላው ስታቆመን ለምታባክነው ጊዜ እኛ ነን ማስከፈል ያለብን" አሉት፣ ሰው ሳቀ፣ ከፈለም። ሁለት ቦታ ወርደው ተፈተሹ። ሁለተኛው ላይ ፈታሹ ልጅ የሶስናን ላስቲክ ከፍቶ ድንጋዩን አየና "ይሄ ምንድነው?" አላት። "ድንጋይ" አለችው። "ድንጋይ መሆኑንማ አያለሁ። ወልድያ ድንጋይ ጠፋ?" አይናለም የልጇን ክንድ ያዘች። ልጁ ግን ላስቲኩን መለሰላትና "እለፉ" አለ።

የሶስና አስተማሪ ናትናኤል ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላው፣ አገሩ ከወደ ደቡብ የሆነ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አይናለምን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፣ ወንበሩን ለእሷ ለቀቀላት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል፤ ካርቶኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ማይክሮስኮፑ አንድ ነው፤ አቧራ እንዳይገባበት የፕላስቲክ ከረጢት አልብሰውታል። "መብራት ሳይሄድ እንየው" አለ ናትናኤል። ሶስና ድንጋዩን አጥባ፣ አድርቃ፣ ከመስታወቱ ሥር አደረገችው። ሁለቱ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ አዩ፣ አንዳች ነገር እያነሱ እየጣሉ በዝቅተኛ ድምፅ ተነጋገሩ። አይናለም የልጇን ጀርባ ታያለች። ትከሻዋ እየወረደ ሲሄድ አየች።

"ምን ሆነ?" አለች።

"ይዩት፣ እናቴ" አለ ናትናኤል። "በመጀመሪያ የጥንቱን ይዩ።" ሌላ ድንጋይ አስቀመጠላት። አይናለም መነጽሯን አውልቃ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቷን ነው ያየችው። ከዚያ አንድ ጥቁር፣ እንደ ውሃ የሚያበራ ሜዳ ታያት፤ ሜዳው ጫፍ ላይ በወጉ እንደታረሰ ማሳ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ትልሞች አሉ። ሁሉም ከስለቱ ተነስተው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አንዱም አይጣመምም። "አሁን የሶስናን ይዩ" አለና ቀየረላት። እዚህም ትልም አለ፤ ግን ሁሉም ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው፣ ነፋስ እንዳጋደለው እህል።

"ሁለት ሺህ ጊዜ ነው የሳብኩት" አለች ሶስና። "በእርጥብ ቆዳ ሞከርኩ፣ በደረቅ ሞከርኩ፣ አመድ ነሰነስኩበት። ሁሌም ያዘነብላል። ማክሰኞ 'የጥንቱ ቆዳ ለመፋቁ ማስረጃሽ የታለ?' ቢሉኝ ምንም መልስ የለኝም።"

"የእጅ አያያዝ ጉዳይ ነው" አለ ናትናኤል፣ ለሶስና ብቻ ሳይሆን ለእናቷም ጭምር እያስረዳ። "እኛ በመጽሐፍ ነው የምናውቀው። በባልጩት የሚፍቅ ሰው በሕይወት ቢገኝ፣ አንድ ደቂቃ ማየት ይበቃን ነበር። ደግነቱ አንድ ፍንጭ አግኝቻለሁ። ከሐራ ወዲያ ካለ መንደር የመጡ አንድ አባት ነገሩኝ፤ ድሮ እዚያ የመፋቂያ ብረቷን በችግር ሸጣ በባልጩት ትፍቅ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች አሉኝ። ስሟን ብጠይቃቸው አያውቁትም፣ 'ፋቂቷ ነበር የምንላት' አሉ። እሷ በሰባ ሰባት ሞታለች። ግን አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ተርፋ ወልድያ ወይም መርሳ ትኖራለች የሚሉ አሉ አሉኝ። ቅዳሜ ከሶስና ጋር ሄደን ቤት ለቤት እንጠይቃለን። ዘመድ አይጠፋም፤ ልጅቷም ትገኝ ይሆናል።"

አይናለም ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ሳትል ቆየች። ቀና ብትል ፊቷ የሚናገርባት መሰላት። ያዘነበለውን ትልም እያየች "ምን ያደክማችኋል፤ መንገዱም አያስተማምንም" አለች። ናትናኤል በትሕትና ፈገግ አለ። "አይዞዎት እናቴ፣ መኪና ተነጋግሬያለሁ።" ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ግማሽ ባዶ ነበር። ሶስና መርፌዋን ተወግታ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። አይናለም ቅዳሜን እያሰበች ነው። መንደሩን ታውቀዋለች፤ አርባ ዓመት ባትረግጠውም የትኛው ቤት ምን እንደሚል ታውቃለች። ሶስና የእናቷን ግንባር ይዛ ነው የተፈጠረችው፣ አይናለም ደግሞ የራሷን እናት። አንዲት አሮጊት ቀና ብላ ታያታለች፣ "አንቺ፣ የማን ነሽ?" ትላታለች፣ አለቀ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ መርሳ ይገባል። ከዚያ ደሞዜ። ደሞዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ የታመመች እንደሆነ ሱቁን ዘግቶ ነው የሚያስታምማት። ግን ሶስና ገና በሆዷ ሳለች የሆነውን አትረሳውም። የደሞዜን እህት ሳራን አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት፤ ልጁ ጨዋ፣ ሳራም የወደደችው። ዘመድ ተሰብስቦ አጥንት ቆጠረ፣ በአያቱ በኩል ፋቂ ተገኘ። ለሽማግሌዎቹ "ልጃችን አልደረሰችም" ብሎ የመለሳቸው ደሞዜ ነበር። ጠላውን የቀዳችላቸው ደግሞ አይናለም። ሲወጡ ደሞዜ በሩን ዘጋና "እግዜር አወጣን" አለ። ሳራ ሳታገባ ቀረች፤ አሁን ደሴ ናት፣ ለበዓል እንኳን አትመጣም፣ ለምን እንደማትመጣ በቤቱ ውስጥ የሚጠይቅ የለም።

"ሶስዬ" አለች። "ቅዳሜ መንገድ ይዘጋል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ወፍጮ ቤት ሲያወሩ ሰማሁ።"

ሶስና ዓይኗን አልገለጠችም። "ሐራ እኮ ነው እማ። ከዘጉም በእግራችን እንሄዳለን። ይሄ ካልተሳካ እኔ ማክሰኞ መቆሜ ራሱ ምን ይሠራል?" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ድምፏ እየቀጠነ፣ "ደክሞኛል" አለች። አይናለም የልጇን የታሰረ እጅ ጭኗ ላይ አደረገችው።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገቡ። ደሞዜ የአንድ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተደፍቶ ነበር፣ በጭንቅላቱ ብቻ ሰላም አላቸው። አይናለም ነጠላዋን ሳታወልቅ የግቢውን በር ቆለፈች። ከደሞዜ የጎማ ክምር ውስጥ አሮጌ ላስቲክ አውጥታ ረዣዥም አድርጋ ቀደደችው። ከማሚቴ በኩል ባለው አጥር ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቀለች። ቀጥሎ ልጇ ብሩክ አዲስ አበባ ከሄደ ጀምሮ ባዶውን ያለውን የእንጨት አልጋ ርብራቡን አውጥታ፣ ባዶ ማቀፊያውን ብቻ እየጎተተች ወደ ግቢው አመጣችው፣ ግድግዳው ላይ አቆመችው። ሶስና ጫማዋን እያወለቀች በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

"እማ፣ ምን ሆንሽ?"

"ቆዳውን ንቀይና አምጪልኝ። ውሃ አርከፍክፊበት፤ አይረስ፣ ይለስልስ ብቻ።"

ሶስና ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። አይናለም ቆዳውን በማቀፊያው ውስጥ ወጠረችው፤ ጫፍ ጫፉን እየበሳች ላስቲኩን እያሳለፈች፣ ከላይ ጀምራ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቀች አሰረችው። ጣቶቿ ያለ እሷ ፈቃድ ነው የሚሠሩት። በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ከዚያ ከማገዶው ላይ አንድ ክንድ የማትሞላ እንጨት መርጣ ጫፏን በቢላዋ ሰነጠቀች። "አዲስ ባልጩት አምጪ፣ ያልተነካ። እጄን በሳሙና ታጥቤያለሁ፣ አትይኝ እንደዚያ።" ድንጋዩን ስንጥቁ ውስጥ ሰክታ በላስቲክ ጠፈረችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። በሁለት እጇ እንጨቱን ይዛ ከራሷ በላይ አነሳችው፣ ድንጋዩን የቆዳው አናት ላይ አሳረፈችው፣ ከዚያ በክንዷ ሳይሆን በመላ ሰውነቷ፣ ከጉልበቷ እየታጠፈች፣ ወደ ታች ሳበችው። ቆዳው ረጅም፣ አንድ ወጥ ድምፅ አሰማ። ከስለቱ ሥር ነጭ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወረደ። ደግማ አነሳች። እንደገና። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ወዲህ ነክታው አታውቅም፤ ወገቧ ጮኸ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ እጇ ግን አንድም ጊዜ አልሳተም። ከሃምሳ በኋላ መቁጠር የጀመረችው ሶስና ናት፣ በሹክሹክታ። መቶ ላይ አይናለም ቆመች።

ሶስና ድንጋዩን ከእንጨቱ ፈትታ አጠበችው፤ ትንሿን የኪስ አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃን ዞረች። ብዙ ቆየች።

"ቀጥ ብሏል" አለች። መነጽሩን አውርዳ እናቷን አየቻት። "እማ። ይሄን የት ተማርሽው?"

"ቅዳሜ የትም አትሄጂም።"

"እማ።"

"አሳየሁሽ አይደል? የፈለግሽው ይሄው ነው፤ ነገ ሁለት ሺህ እስኪሞላ አንቺው ትስቢዋለሽ። ያን መንደር አትረግጪም። ማንንም አትጠይቂም።" አይናለም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለጋትም፤ ልጇ አንድ በአንድ ስትደርስበት ከፊቷ ታያለች፤ ሐራ፣ ሰባ ሰባት፣ ተርፋ መርሳ ትኖራለች የተባለችው ልጅ።

ሶስና መሬት ላይ፣ እናቷ ፊት ተቀመጠች። ከመንገዱ የጭነት መኪና ሲያልፍ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ምን ትሆኚ ነበር?"

"ምን እሆናለሁ! ሁለት ሳምንት ሙሉ በጉልበቴ አልንፏቀቅም ነበር" አለች ሶስና፤ ልትስቅ ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ በታሰረው እጇ ጀርባ ጠረገችው። "አባዬ ያውቃል?"

አይናለም ራሷን ነቀነቀች፤ አያውቅም።

ሶስና ፍቅፋቂውን በጣቷ አገላበጠችው። ከዚያ ተነስታ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች። "ያሳየኝ ሰው መኖሩን መጻፍ አለብኝ። እንዲያው በራሴ አወቅሁት ብል ውሸት ነው፣ አያልፍልኝም። ግን ስምሽን ካልፈለግሽ አይገባም፤ ይፈቀዳል። 'መረጃ ሰጪ አንድ፣ ሴት፣ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት' ብቻ ነው የሚለው። መንደርም አይጻፍም። ማንም አያውቅሽም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

አይናለም እፎይ አለች። ቁጥር መሆን ጥሩ ነው። ሶስና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እየጠየቀች ትሞላለች፣ እናቷ ትመልሳለች፤ በስንት ዓመቷ እንደጀመረች፣ ቆዳው የምን እንደነበር፣ ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ። "ከወንዙ ጫፍ ነው የምንለቅመው፤ ሲዶለዱም እዚያው ይጣላል፣ ሌላ ይወሰዳል።" ደሞዜ ሱቁን መዝጋት ጀምሯል፤ የቆርቆሮው በር ሲጎተት ይሰማል።

"ከማን ተማርሽ ይላል" አለች ሶስና። "ከእናቷ እንበል፣ 'መረጃ ሰጪ ሁለት፣ በሕይወት የለችም'። እሷም ቁጥር ትሁን አይደል?"

አይናለም ወረቀቱን አየች። መጠለያው ውስጥ ሲገቡ ለእናቷ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በክር አድርገው አንገቷ ላይ አስረውላት ነበር። የሞተች ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ፣ ካርዱን ቆርጠው ወሰዱ፣ ደብተር ላይ ቁጥሩን ሰረዙ፣ ከሌሎቹ ጋር ጫኗት። የእናቷ ስም ማን እንደሆነ አይናለምን ማንም አልጠየቃትም፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር። መንደሩም ዛሬ ቢጠየቅ ፋቂቷ ነው የሚለው።

ከሱቁ የምታስገባዋ በር ተከፈተችና ደሞዜ ገባ፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። የቆመውን አልጋ አየ። የተወጠረውን ቆዳ አየ። ሚስቱን አየ፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ነው፣ ፍቅፋቂ ቀሚሷን ሞልቶታል። ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ውሃውን ከፈተ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው እጁን መታጠብ ጀመረ። ሶስና ወረቀቱን በፍጥነት ልታጥፈው ስትል አይናለም እጇን ያዘቻት።

"የእኔን ቁጥር አድርጊው" አለች፤ ድምፏን አልቀነሰችም። "የእሷን ግን ስሟን ጻፊ። ታንጉት ነው የምትባለው። እናቴ ናት። ፋቂ ነበረች።"

ውሃው ቆመ። ሶስና እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አድርጋ አልጻፈችም፤ አባቷን ነው የምታየው። አይናለም ወደዚያ አልዞረችም። "ጻፊ እንጂ" አለች። ሶስና ጻፈች። ደሞዜ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ሲጨርስ መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከአጥሩ ወዲያ የማሚቴ ሬዲዮ ዜና ያነባል። አንድ ዜና አልቆ ሌላው ተጀመረ። ከዚያ ደሞዜ ወደ አልጋው መጣ፣ ላስቲኩን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ መፍታት ያዘ፣ ቆዳውን አውርዶ ክንዱ ላይ አደረገው፣ ገና እርጥብ ነው፣ ውሃው ሸሚዙ ላይ ወረደ።

"እዚህ ካደረ ውሻ ይጎትተዋል" አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ፤ ይዞት ወደ ቤት ገባ።

አይናለም ባልዲው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ከውስጥ የሚመጣውን ቃል እየጠበቀች ነው፤ ምን እንደሚል ታውቀዋለች፣ አርባ ዓመት ስትሰማው ኖራለች፣ በየሌሊቱ በየድምፁ። ሶስና እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ከውስጥ መዶሻ ሲፈለግ፣ ዕቃ ሲገለበጥ፣ ምስማር ግድግዳ ላይ ሲመታ ተሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም አለ።

"አይናለም" ብሎ ተጣራ ደሞዜ። ድምፁ የደከመ ነው። "በየት በኩል ነው የሚሰቀለው?"

አይናለም ከባልዲው ላይ ተነሳች።

"በአንገቱ" አለች።